«ቢከሽፍስ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ትንሿ ማሳ ናት

ከልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አዲስ አበባ

አዲስ ዘር፣ አዲስ የአስተራረስ ዘዴ ወይም አዲስ መሣሪያ ወደ አንድ የገበሬ ማኅበር ሲገባ ከስብሰባው መካከል ብዙ ጊዜ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ይኸውም «ቢከሽፍስ?» የሚል ነው። ጥያቄውን የሚያነሣው አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ የተቀመጠ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። ስብሰባውን የሚመራው ባለሙያ ወይም የወረዳ ተወካይ ግን ጥያቄውን እንደ እንቅፋት ቆጥሮ «ይህ የኋላ ቀርነት አስተሳሰብ ነው» በማለት ያልፈዋል። ጠያቂውም ዝም ይላል። ዝም ማለቱ ግን መስማማቱ አይደለም። የዘር ወቅት ሲደርስ እንደ አባቱ ይዘራል፤ በሪፖርቱ ላይ ግን አዲሱን ዘዴ እንደ ተቀበለ ሆኖ ይመዘገባል።

«ቢከሽፍስ?» የሚለው ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ትክክለኛ መልስም ይሻል። መልሱ ንግግር አይደለም፤ ማስፈራሪያም አይደለም። መልሱ፣ ቢከሽፍ እንኳ ቤተሰቡን በማያስርብ ትንሽ ማሳ ላይ የሚወሰድ የመጀመሪያ እርምጃ ነው። ይህንንም እርምጃ ከማንም ይበልጥ ሊያስጀምረው የሚችለው የገበሬ ማኅበሩ መሪ መሆኑን በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን። የገበሬ ማኅበር የሚለው ስም ዛሬ በመዝገብ ላይ በቀበሌ አስተዳደር ቢተካም በሕዝቡ አፍ ግን አልጠፋም፤ ኃላፊነቱም አልቀነሰም።

ፍርሃቱ ከምን ይመጣል?

ደመወዝተኛ ሰው አንድ ነገር ሞክሮ ቢከሽፍበት የወር ደመወዙ አይቀርበትም። ገበሬ ግን ዋናውን ሰብሉን የሚዘራው በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ያ ወቅት ካመለጠው ጎተራው እስከሚቀጥለው መኸር ባዶ ይሆናል። ለማዳበሪያው የተበደረውን ለመክፈል በሬውን ይሸጣል። በሬውን የሸጠ ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቶ ከገዛ ማሳው ግማሹን ምርት ብቻ ይቀበላል። እንግዲህ የአንድ ክረምት ስሕተት አንድን ቤት ለሦስትና ለአራት ዓመት ሊያጎብጠው ይችላል ማለት ነው። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚለው የአባቶች አነጋገር ከዚህ ልምድ የመነጨ እንጂ ከስንፍና የመጣ አይደለም።

የአገራችንም የእርሻ ታሪክ ለፍርሃቱ ምክንያት ሰጥቶታል። በ1960 ዓ.ም. ግድም በአርሲ፣ በጭላሎ አውራጃ፣ በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ትብብር የተጀመረው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር ስሙ ካዱ፣ የተሻሻለ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ ለገበሬው በማድረስ ምርት እንዲያድግ አድርጎ ነበር። ነገር ግን በዚያን ጊዜ መሬቱ የጭሰኛው አልነበረም። ስንዴ ትርፍ እንደሚያስገኝ በታየ ጊዜ አንዳንድ ባለመሬቶች ጭሰኞቻቸውን አስነሥተው በትራክተር ማረስ ጀመሩ። ለዚያ ጭሰኛ ያስፈራው የሙከራው መክሸፍ ብቻ ሳይሆን መሳካቱም ጭምር ነበር። ይህ የተለወጠው በየካቲት ወር 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31/1967 ከታወጀ በኋላ ነው። የገበሬ ማኅበራትም ቢያንስ 800 ሄክታር በሚሆን መሬት ላይ እንዲቋቋሙ የተደረገው በዚሁ አዋጅ ነው።

ከዚያም በኋላ ሌላ ትምህርት መጣ። በ1993 ዓ.ም. መኸር የበቆሎ ምርት በብዙ ቦታ እጅግ አማረ። የልማት ሠራተኛውም ገበሬውም ደስ አላቸው። ይሁን እንጂ ገበያው ያን ሁሉ በቆሎ ሊሸከም ስላልቻለ ዋጋው ወረደ፤ በአንዳንድ ስፍራ እህሉን ማጓጓዝ ከዋጋው የሚበልጥ ሆነ። ብዙ ገበሬ የማዳበሪያ ዕዳውን ከምርቱ መክፈል አቃተው። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ዝናብ ቀረና ድርቅ ሆነ። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንደሚባለው፣ ያንን ጊዜ ያየ ገበሬ ዛሬ አዲስ ፓኬጅ ሲነገረው ወደ ኋላ ቢል ሊደንቀን አይገባም።

ስለዚህ ፍርሃቱን መናቅ ፍርሃቱን አያጠፋውም። ተገቢው ነገር ምን ያህል ቢጠፋ እንደሚፈራ፣ ዕዳው በማን ላይ እንደሚወድቅ፣ ገበያውስ ምን እንደሚመስል ከራሱ ከገበሬው ጋር ቁጭ ብሎ መመርመር ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ማለት ይህ ነው።

ከተሜውም ይፈራል

ፍርሃት የገበሬ ብቻ ጠባይ ነው ብሎ የሚያስብ ካለ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ይመልከት። ይህ ጽሑፍ የሚጻፍበት የልደታ ኮንዶሚኒየም የቆመው ከከተማይቱ ነባር ሰፈሮች በአንዱ ላይ ነው። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ዓመታት በመልሶ ማልማት አሮጌዎቹ የጭቃ ቤቶች ፈርሰው በምትካቸው ፎቆች ተሠሩ። በኮንዶሚኒየም ቤት ፕሮግራም የ20/80 ደንብ ነዋሪው ከቤቱ ዋጋ 20 በመቶውን አስቀድሞ ከፍሎ የቀረውን 80 በመቶ በባንክ ብድር በየወሩ ይከፍላል። ዕድሜውን በሙሉ በቀበሌ ቤት ትንሽ ኪራይ እየከፈለ ለኖረ ሰው እንዲህ ያለ ዕዳ ቀላል ነገር አይደለም። «ሥራዬን ባጣስ? ብታመምስ? ባልከፍልስ?» የሚለው የከተሜ ጥያቄ «ቢከሽፍስ?» ከሚለው ከገበሬው ጥያቄ በምንም አይለይም።

ፎቁ ውስጥ ከተገባ በኋላም ፍርሃቱ አያበቃም። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤቶች ማኅበር አቋቁመው ጣሪያውን፣ ደረጃውን፣ የውኃ መሳቢያ ሞተሩንና ግቢውን በጋራ ያስተዳድራሉ። የገበሬ ማኅበር መሪ የሆነ ሰው በእንዲህ ያለው ማኅበር ስብሰባ ላይ ቢቀመጥ ሁሉ ነገር የሚያውቀው ሆኖ ያገኘዋል። ሞተር ሲበላሽ ሁሉም ውኃ ይፈልጋል፤ የመጀመሪያውን መዋጮ ግን ማንም ቀድሞ መክፈል አይፈልግም። «እኔ ከፍዬ ሌላው ቢቀርስ?» ይላል። ነገሩ የሚፈታው ብዙውን ጊዜ በረጅም ንግግር አይደለም። ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች በሁሉ ፊት ከፍለው ስማቸው በመዝገብ ሲጻፍ፣ የገንዘብ ያዡም ደረሰኝ ሲቆርጥ ሌላው ይከተላል።

በዚሁ ሰፈርና በሌሎችም የከተማይቱ ኮንዶሚኒየሞች በበረንዳና በግቢ ጥግ በጀሪካንና በማዳበሪያ ከረጢት ጎመን፣ ቃሪያና ሰላጣ ሲበቅል ይታያል። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት የተባለው መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ የከተማ ግብርና ይበልጥ ተስፋፍቷል። በአንድ ከረጢት የሚበቅለው ጎመን ቤተሰብን እንደማይቀልብ ግልጽ ነው። ጥቅሙ ግን ሌላ ነው። በአንድ ከረጢት የጀመረ ሰው ውኃው ስንት ቀን እንደሚበቃ፣ ፀሐዩ ከየት እንደሚገባ፣ ተባዩ በየትኛው ወር እንደሚመጣ ያውቃል። ከረጢቱ ቢደርቅበት የሚያጣው ጥቂት አፈርና ጥቂት ዘር ነው። እርሻ አይቶ የማያውቅ ከተሜ በዚህ መንገድ ሲማር፣ ዕድሜውን በሙሉ ያረሰ ገበሬ ከሩብ ሄክታር ምን ያህል ሊማር እንደሚችል መገመት አያስቸግርም።

የፎገራ ሩዝ ትምህርት

ስለ መጀመሪያ እርምጃ ከተነሣ ከአማራ ክልል የፎገራን ሩዝ ያህል ጥሩ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የሚገኝ ሰፊ ጥቁር አፈር ነው። ክረምት ሲመጣ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳውን ውኃ ይተኛበታል። ገበሬው ለዘመናት ይህን መሬት በክረምት ለጤፍም ለዳጉሳም እንደ ልብ ሊያውለው ስላልቻለ በግጦሽነት ይጠቀምበት ነበር፤ ውኃው ሲሸሽም በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራበታል። ውኃው ጠላት ነበር ማለት ነው።

በሜዳው የዱር ሩዝ መኖሩ ቀደም ሲል ስለ ታወቀ፣ ውኃውን የሚወድ ሰብል ይስማማዋል የሚል ሐሳብ መጣ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት አማካይነት ሩዝ እንዲዘራ አደረጉ። ኤክስ ጅግና የሚባለው የሩዝ ዝርያ እስከ ዛሬ የዚያን ስፍራ ስም ይዞ ይገኛል። ይሁንና ሩዙ በዚያን ጊዜ ከማኅበራቱ ማሳ ወጥቶ ወደ እያንዳንዱ ገበሬ ቤት በሚገባ አልገባም። ምክንያቱን ማወቅ ለመሪዎች ይጠቅማል። ሩዝ ማብቀል አንድ ነገር ነው፤ መፈልፈል ግን ሌላ ነው፤ መብላትም ሌላ ነው። በሙቀጫ ሲወቀጥ ይሰባበራል። እንጀራ በሚበላ አገር «ይህን ምን እናድርገው?» የሚለው የሴቶች ጥያቄ ከማሳው ጥያቄ ያላነሰ ነበር። ያ ጥያቄ እስኪመለስ ድረስ ማሳው ቢያምርም ገበሬው አልተማረከም።

ነገሩ እንደገና የተነሣው በ1986 ዓ.ም. ግድም ነው። በዚያን ጊዜ በሁለት የገበሬ ማኅበራት ውስጥ ሩዝ የዘሩት ሠላሳ ያህል ገበሬዎች ሲሆኑ፣ የሸፈኑትም መሬት ስድስት ሄክታር ያህል ብቻ ነበር። ስድስት ሄክታር ለሠላሳ ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ ከሩብ ሄክታር ያነሰ፣ በትክክል ሲሰላ የአንድ ሄክታር አንድ አምስተኛ ይደርሰዋል። ሩዙ በዚያ ዓመት ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ እንኳ ያ ገበሬ በቀረው መሬቱ ይኖር ነበር። ደግሞም ከዚህ ቀደም በክረምት ብዙም በማይታረስ፣ ውኃ በሚተኛበት መሬት ላይ መዘራቱ የሚያጣውን ነገር ይበልጥ ቀነሰለት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። ጎረቤት ከጎረቤት ዘር ተበደረ። ሴቶች ሩዝን ከጤፍ ጋር ቀላቅለው እንጀራ ጋገሩ፤ ለጠላም ለአረቄም አዋሉት። ገለባው ለከብት ሆነ። በወረታ ከተማ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮዎች ተተከሉ። ዛሬ ፎገራ፣ ሊቦ ከምከምና ደራ ከአገሪቱ ዋና ዋና የሩዝ አብቃይ ወረዳዎች መካከል ሲሆኑ፣ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የሚገኘው በዚያው በወረታ ነው። በአዲስ አበባም፣ በዚሁ በልደታ ጭምር፣ የጤፍ ዋጋ የከበደው ቤተሰብ ሩዝ ቀላቅሎ መጋገር ለምዷል።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር ልብ ይሏል። አንደኛ፣ ያ ሁሉ ለውጥ የተስፋፋው ከስድስት ሄክታር ተነሥቶ ነው። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው ሙከራ በሰፊው አለመያዙ የነገሩ መጨረሻ አልነበረም፤ ሩዝ በሜዳው እንደሚበቅል ያሳየው እርሱ ነውና። ሦስተኛ፣ ፍርሃቱ የተወገደው የምግቡም፣ የመፈልፈያውም፣ የገበያውም ጥያቄ መልስ ሲያገኝ ነው። እርምጃው የሚጀመረው በማሳ ቢሆንም የሚፈጸመው በምጣድና በገበያ ነው።

በማን ማሳ ይጀመር?

በ1985 ዓ.ም. ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የተባለው ድርጅት በኢትዮጵያ ሥራ ሲጀምር፣ በኖቤል የሰላም ሽልማት የታወቁት የስንዴ ሊቅ ኖርማን ቦርሎግ ከመሪዎቹ አንዱ ነበሩ። በመጀመሪያው ዓመት የተያዙት የመቶ ስድሳ ያህል ገበሬዎች ማሳዎች ብቻ ነበሩ። የእያንዳንዱም ማሳ ስፋት ከግማሽ ሄክታር አይበልጥም። ማሳው የምርምር ጣቢያ ማሳ ሳይሆን የገበሬው የራሱ መሬት ነበር፤ የሚያርሰውም እርሱ ራሱ ነው። ውጤቱ ከታየ በኋላ መንግሥት ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ዘዴውን በአገር አቀፍ ደረጃ ወሰደው። ከዚያ በኋላ በየቦታው በኮታ ሲጫን የደረሰውን ከላይ በበቆሎው ነገር አይተናል። ይህም ትንሿ ማሳ ፈቃድን ስታጣ ምን እንደምትሆን ያሳያል። በኮታ የተወሰደ እርምጃ የገበሬው እርምጃ አይደለም፤ ስለዚህም ቢሳካ አያኮራውም፤ ቢከሽፍ ግን ዕዳው የእርሱ ነው።

ከሕንድም አንድ ትምህርት እንጨምር። እዚያ በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ አዲሱ የስንዴ ዘር ሲገባ ሥራውን ከመሩት አንዱ የሆኑት የሳይንስ ሊቅ ስዋሚናታን፣ ሠርቶ ማሳያው በባለጸጋ ገበሬ ማሳ ላይ እንዳይሆን፣ በአነስተኛ ገበሬ ማሳ ላይ እንዲሆን አጥብቀው ይሟገቱ ነበር። ምክንያታቸውም ባለጸጋ ቢሳካለት ሰው ሁሉ «እርሱማ ሀብት አለው» ይላል የሚል ነበር። በእኛም ዘንድ ነገሩ እንዲሁ ነው። ሠርቶ ማሳያው ዘወትር በሞዴል ገበሬው ወይም በሊቀመንበሩ ማሳ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ምርቱ ሲያምር «ማዳበሪያው ቀድሞ የሚደርሰው ለእርሱ ነው» ይባላል። ስለዚህ መሪ ከመጀመሪያዎቹ መካከል መሆን አለበት፤ ብቻውን ግን መሆን የለበትም። ከእርሱ ጋር አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬና አንዲት የቤት እማወራ ቢጀምሩ፣ የሦስቱ ማሳ ከአሥር ስብሰባ ይበልጥ ይናገራል።

ኪሳራውን ማን ይሸከማል?

ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ይህ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚዘለለው ይኸው ነው። እርምጃውን «ውሰድ» የሚለው ሰው ሌላ፣ ቢከሽፍ የሚራበው ሰው ሌላ ከሆነ፣ የሚራበው ሰው ቢያመነታ ፍርዱ ትክክል ነው።

የእርሻ ኤክስቴንሽን ታሪክ በዚህ ላይ አንድ የሚጠቀስ ሥራ አለው። እ.ኤ.አ. በ1903 በአሜሪካ፣ በቴክሳስ ክፍለ አገር፣ ቴሬል በምትባል ከተማ አጠገብ፣ ሲማን ናፕ የተባሉ የእርሻ ሊቅ ዋልተር ፖርተር ከተባለ ገበሬ ጋር ተስማሙ። ገበሬው ከመሬቱ በ70 ኤከር፣ ማለት 28 ሄክታር ያህል በሚሆነው ላይ በእርሳቸው ምክር ሊያርስ፣ ቢከስር ደግሞ የከተማይቱ ነጋዴዎች አስቀድመው ካዋጡት ገንዘብ ኪሳራውን ሊተኩለት ተዋዋሉ። በዓመቱ መጨረሻ ገበሬው ከቀድሞው ይበልጥ 700 ዶላር ያህል አተረፈ፤ ለኪሳራ የተያዘውም ገንዘብ አላስፈለገም። ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚሠራበት የሠርቶ ማሳያ ኤክስቴንሽን መነሻው እንዲህ ያለ ነበር። ገበሬው እንዲጀምር ያስቻለው መዋጮው መኖሩ ነው፤ ያልተነካው መዋጮ ከተነካው ያላነሰ ሥራ ሠርቷል።

በአገራችንም በትግራይ፣ በአዲ ሓ፣ በ2001 ዓ.ም. 200 ያህል ቤተሰቦች የዝናብ እጥረት መድን ገብተው ነበር። ጥሬ ገንዘብ ያልነበራቸው ድሆች አረቦኑን የከፈሉት በጉልበታቸው፣ በአካባቢያቸው የአፈርና ውኃ ጥበቃ ሥራ በመሥራት ነው።

እንዲህ ያለ መድን በማይደርስበት ቦታ የገበሬ ማኅበሩ የራሱን ትንሽ ዋስትና ሊያቋቁም ይችላል። ሒሳቡ ይህን ይመስላል። የጤፍ አማካይ ምርት በሄክታር 18 ኩንታል ግድም ነው እንበል፤ ከሩብ ሄክታር 4 ኩንታል ተኩል ያህል ይገኛል። መቶ አባወራና እማወራ እያንዳንዳቸው አንድ ቁና እህል ቢያዋጡ፣ ቁናውም 5 ኪሎ ቢይዝ፣ 5 ኩንታል ይሆናል። የአንዱ ሞካሪ ማሳ ጨርሶ ባዶ ቢሆን እንኳ ይህ ይሸፍነዋል። ባዶ ባይሆንና ከወትሮው ቢያንስ ደግሞ የሚተካለት ልዩነቱ ብቻ ስለ ሆነ፣ ያው መዋጮ ለሦስትና ለአራት ሞካሪዎች ይበቃል። ምርቱ ካማረ እህሉ ለየባለቤቱ ይመለሳል፤ ወይም ለሚቀጥለው ዓመት ሙከራ ይያዛል። ቁና ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ በሚዛን ይሠራ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» የሚለውን እድርና ደቦ ያለው ሕዝብ ከማንም ይበልጥ ያውቀዋል። ለሐዘን የሚዋጣ ከሆነ ለዘርስ ለምን አይዋጣም?

ለመሪዎች የሚቀርብ ሐሳብ

ከዚህ በላይ ከተባለው በመነሣት ለተከበራችሁ የገበሬ ማኅበር መሪዎች የሚከተሉትን ነጥቦች እናቀርባለን።

አንደኛ፣ በአንድ ዓመት አንድ ነገር ብቻ ይሞከር። ዘሩም፣ ማዳበሪያውም፣ የመዝሪያ ቀኑም፣ አዘራሩም በአንድ ጊዜ ከተለወጡ ምርቱ ሲጨምርም ሲቀንስም ምክንያቱ አይታወቅም።

ሁለተኛ፣ የማሳው ስፋት በኮታ ሳይሆን በአንድ ጥያቄ ይወሰን። ይኸውም «ይህ ማሳ ምንም ባይሰጥ ቤተሰቡ እስከ መኸር የሚበላውና ለሚቀጥለው ዓመት የሚዘራው ይኖረዋልን?» የሚል ነው። መልሱ «አዎን» ካልሆነ ማሳው ይቀነስ። ሩብ ሄክታር የበዛበት በአንድ መደብ ይጀምር።

ሦስተኛ፣ አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን ይዘሩ፤ በአንድ ቀን ይታረሙ፤ በሚዛን ይለኩ። የዓይን ግምት ወዳጅን ይጠቅማል እንጂ እውነትን አይጠቅምም። ጤፍን በመስመር መዝራት ለምሳሌ ይወሰድ። በብተና በሄክታር ከ25 እስከ 50 ኪሎ ዘር ሲፈልግ፣ በመስመር ከ3 እስከ 5 ኪሎ ይበቃዋል ተብሎ ተመክሯል። በሩብ ሄክታር ሲታሰብ ቢበዛ አንድ ኪሎ ከሩብ ነው። ዘሩ ይቆጠባል፤ ጉልበቱ ግን ይበዛል። ልጆች ትምህርት ቤት በሚውሉበት ቤት ያን ጉልበት ማን ይሰጣል? በትንሽ ማሳ የሞከረ ገበሬ ኩንታሉን ብቻ ሳይሆን የሠራተኛውንም ቀን ቆጥሮ ይወስናል። ቆጥሮ ወደ ብተና ቢመለስም አልከሸፈም፤ የሚያውቀው ነገር ጨምሯል።

አራተኛ፣ ሴቶች ከመጀመሪያው ቀን በምክክሩ ይግቡ። የፎገራ ሩዝ ያስተማረን ማሳው ያጸደቀውን ምጣዱ ካላጸደቀው እንደማይስፋፋ ነው።

አምስተኛ፣ ኪሳራውን ማን እንደሚሸከም ዘር ከመዘራቱ በፊት በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። ከተዘራ በኋላ የሚሰጥ ተስፋ ፍርሃትን አያስለቅቅም።

ስድስተኛ፣ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን በጉባኤ ይነገር። በረዶ መታው? ዘሩ ዘግይቶ ደረሰ? ውኃ ተኛበት? ወይስ ዘዴው ራሱ ለአካባቢው አልተስማማም? እነዚህ አራቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ መፍትሔያቸውም ይለያያል። ለወረዳው የማረ ሪፖርት ብቻ የሚልክ መሪ በሚቀጥለው ዓመት የሚያምነው አያገኝም፤ ጎረቤት ማሳውን በዓይኑ አይቶታልና።

«ጊዜ የለንም» ለሚሉ

በዚህ ሐሳብ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል። «ሕዝቡ እየበዛ፣ መሬቱ እየጠበበ፣ ዝናቡ እየተዛባ ባለበት ዘመን በሩብ ሄክታር መንቀራፈፍ አያዋጣም፤ ኩታ ገጠም ማረስ፣ በአንድ ጊዜ ሁሉን ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል» የሚል ነው። ተቃውሞው ክብደት አለው። ስንዴን በኩታ ገጠም መዝራት ለትራክተርና ለኮምባይነር አመቺ መሆኑ፣ ለገበያም መደራደሪያ መስጠቱ አይካድም። ነገር ግን ሁለቱ አይጣሉም። መቶ ገበሬ ማሳውን ገጥሞ ከመዝራቱ በፊት ዘሩን በዚያው አፈር ላይ አንድ ክረምት ያየው ሰው ካለ፣ መቶው የሚገቡት አምነው ነው። ያየው ሰው ከሌለ ግን የአንዱ ስሕተት በአንድ ክረምት የመቶ ቤት ስሕተት ይሆናል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ማለት መዘግየትን ማመስገን አይደለም፤ እግሩ ሳያወጣ እንዲሮጥ የተገደደ እንቁላል መሰበሩን ማስታወስ ነው። በፎገራ ከስድስት ሄክታር የተነሣው ሩዝ በአንድ ትውልድ ጊዜ ውስጥ ሜዳውን አዳርሷል። ይህ ዝግታ ከተባለ መልካም ዝግታ ነው።

ከዚህ ይልቅ ጊዜ የሚያባክነው ሌላ ነው። ይኸውም በየዓመቱ ያው ጥያቄ ተነሥቶ፣ ያው መልስ ተሰጥቶ፣ ያው ሰው ዝም ብሎ ወደ ቤቱ መሄዱ ነው። በእንዲህ ያለው አካሄድ አሥር ዓመት ቢያልፍ ከአሥሩ አንዱም አላስተማረንም ማለት ነው።

እንግዲህ የሚቀጥለው የዘር ወቅት ከመድረሱ በፊት እያንዳንዱ የገበሬ ማኅበር በጠቅላላ ጉባኤው ሦስት ነገር ቢወስን ብዙ ሥራ ተሠራ ማለት ነው። የሚሞከረው አንድ ነገር ምን እንደሆነ፣ በየትኞቹ ሦስት ማሳዎች ላይ እንደሚሞከር፣ ቢከሽፍ ደግሞ ከየትኛው ጎተራ እንደሚተካ። ይህን ውሳኔ ለማጽደቅ ከክልል ትእዛዝ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ከፍተኛ በጀትም አይጠይቅም። መሪው «ቢከሽፍስ?» ብሎ የጠየቀውን ያንን ከኋላ የተቀመጠ ሰው በስሙ ጠርቶ፣ ከሦስቱ ሞካሪዎች አንዱ ይሆን ዘንድ ይጠይቀው፤ ኪሳራውን ማኅበሩ እንደሚሸከምለትም በጉባኤው ፊት ያረጋግጥለት። ጠንቅቆ የጠየቀ ሰው ጠንቅቆ ይሞክራልና።